ከረሜላው ሕጋዊ ነው ተብሎ ተሸጠ፤ መንጃ ፈቃዱ ግን ተወሰደ

(ከዚህ በታች የምታነቡት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 መጨረሻ በሳተላይት ቴሌቪዥን በሳምንታዊው የትንታኔ ዝግጅት የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ታርሞ ወደ ጽሑፍ ተቀይሯል።)

 

በዚህ ሰዓት ከእኔ የምትጠብቁት የአገር ቤት ፖለቲካ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ ወደ ጋዝ ስቴሽን ልውሰዳችሁ። ከካሸሩ ጀርባ፣ ከሲጋራውና ከሎተሪው አጠገብ፣ ቀለማቸው ዓይን የሚስብ ብልቃጦችና ከረሜላዎች የተደረደሩበት ቦታ አለ። ዴልታ 8 ይላል፤ ዴልታ 9 ይላል፤ ቲኤችሲኤ ይላል፤ ሁሉም ላይ ሄምፕ የሚል ተጽፎበታል። በዚያ መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ አብዛኛው ከ11 ወር በኋላ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ይሆናል። ከመደርደሪያው በስተኋላ ቆሞ የሚሸጠው የእኛ ሰው ነው። ከፊት ቆሞ የሚገዛውም ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩን ያነሳሁት።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የማውቀው ልጅ ደወለልኝ። ልጅ ልበለው እንጂ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ስምንት ዓመት ትራክ የነዳ፣ አንድም አደጋ የሌለበት ሰው። «ጋሼ፣ የሚያውቁት ጠበቃ አለ?» አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ምን ሆንክ ስለው፣ «ከረሜላ በላሁ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ነው ያፈርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት የሚነዳ ሰው እንቅልፉ ይበላሻል፤ ወገቡም ይታመማል። ነዳጅ ለመቅዳት የሐበሻ ሱቅ ጋ ቆመ፤ ለእንቅልፍ የሚሆን ነገር አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለሱቁ አንድ ብልቃጥ አወረደለት። «ይኼን ሞክር፤ ከሄምፕ የተሠራ ነው፤ ማሪዋና አይደለም፤ በፌደራል ሕግ የተፈቀደ ነው» አለው። ብልቃጡ ላይም የፌደራሉን የእርሻ ሕግ የሚጠቅስ ጽሑፍ አለ። ልጁ እረፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማታ ማታ አንድ ፍሬ ወሰደ። ተኛም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሥሪያ ቤቱ በዕጣ ለሽንት ምርመራ ጠራው፤ ያለ ሐሳብ ሄደ። ውጤቱን የሚያጣራው ሐኪም ደውሎ «ማሪዋና ተገኝቶብሃል፤ በሐኪም የታዘዘልህ መድኃኒት አለ?» ሲለው፣ ልጁ ብልቃጡን ይዞ ስሙን ከላዩ እያነበበ አስረዳ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር፤ አዳመጠው፤ ከዚያም ይህ ተቀባይነት ያለው ምክንያት አይደለም አለው።

እዚህ ላይ ባለሱቁ አልዋሸም። ልጁም አልዋሸም። ላቦራቶሪውም አልተሳሳተም። ታዲያ እንዴት ሆነ?

ወደ 2018 እንመለስ። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ የእርሻ ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ሄምፕን ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር አወጣው። ሄምፕና ማሪዋና ሁለት የተለያዩ ተክሎች አይደሉም፤ ተክሉ አንድ ነው፤ ሁለቱም ካናቢስ ናቸው። ሕጉ የለያቸው በቁጥር ነው። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ዴልታ 9 ቲኤችሲ የሚባለው፣ ተክሉ ሲደርቅ ከክብደቱ 0.3 በመቶ ካልበለጠ ሄምፕ ነው፤ ከበለጠ ማሪዋና ነው። ሕጉን የገፉት የኬንታኪው ሴናተር ሚች ማኮኔል ነበሩ፤ የታሰበውም ትምባሆ መትከል ያላዋጣቸው ገበሬዎች ለገመድ፣ ለጨርቅ፣ ለዘይት የሚሆን ሰብል እንዲያገኙ ነው።

ነጋዴ ግን ሕግን የሚያነበው እንደ ሕግ አውጪ አይደለም። 0.3 በመቶ ለደረቅ ቅጠል ትንሽ ነገር ነው። ለከረሜላ ግን ትንሽ አይደለም። አብረን እናስላው። አንድ ግራም አንድ ሺህ ሚሊግራም ነው፤ የእሱ 0.3 በመቶ 3 ሚሊግራም ነው። አራት ግራም የሚመዝን ከረሜላ እንግዲህ 12 ሚሊግራም ቲኤችሲ ይዞ «ሄምፕ» ሊባል ይችላል ማለት ነው። ማሪዋና በተፈቀደባቸው እንደ ኮሎራዶ ባሉ ስቴቶች ፈቃድ ባለው ሱቅ የሚሸጠው የአንድ ጊዜ መጠን 10 ሚሊግራም ነው። ከጋዝ ስቴሽኑ የተገዛው «ማሪዋና ያልሆነ» ከረሜላ፣ መታወቂያ ተጠይቆ ከሚገባበት የማሪዋና ሱቅ ከሚሸጠው ሊበልጥ ይችላል። ልጁ የወሰደው ይኼንን ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ሕጉ ዴልታ 9ን ብቻ በስም መጥራቱ ነው። ከሄምፕ የሚወጣውን ሲቢዲ፣ ያ የማያሰክረውን፣ በላቦራቶሪ በአሲድ ለውጦ ዴልታ 8 ማድረግ ይቻላል፤ ዴልታ 8 ደግሞ ያሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2022 በምዕራብ አሜሪካ ያለው የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአንድ የንግድ ክርክር ላይ፣ የሕጉ ቃል እንደተጻፈ ከተነበበ ዴልታ 8ም ሄምፕ ነው ብሎ ወሰነ። ሦስተኛው ቲኤችሲኤ ነው። ይህ ጥሬው አያሰክርም፤ እሳት ሲነካው ግን ወደ ቲኤችሲ ይለወጣል። ለማጨስ የሚሸጥን ነገር ጥሬውን መዝኖ «ሕጋዊ ነው» ማለት ሊጥ መዝኖ ዳቦ የለኝም እንደማለት ነው።

የእኛ ሰው ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ጫትን አስታውሱ። አገር ቤት በአደባባይ ይሸጣል፤ ቡና ቀድሞን ገበያ እንደገባ የወጪ ንግድ ምርት ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ሕጉ ቅጠሉን አይደለም የሚያየው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካቲኖን ነው፤ ካቲኖን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጣም በጥብቅ ከተከለከሉት ጋር ነው። «እኛ አገር ሕጋዊ ነው» ያሉ ስንቶች አየር ማረፊያ ላይ ተያዙ። እንግሊዝ አገርም እስከ 2014 ድረስ ይሸጥ ነበር፤ በአንድ ቀን ተዘጋ። ሄምፑም ላይ እየመጣ ያለው እንዲሁ ነው፤ ቅጠሉን መመዘን ይቀርና በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ይቆጠራል።

አሁን ወደ አዲሱ ሕግ ልግባ። የፌደራል መንግሥት በበጀት ምክንያት 43 ቀን ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችን የምንከታተለው የምግብ ድጎማውንና የአየር መንገዱን ነገር ነበር። ኖቬምበር 12 ቀን 2025 መንግሥቱን የከፈተው ሕግ ሲፈረም፣ በዚያው ሕግ ውስጥ የሄምፕ ትርጉም ተለወጠ። የኬንታኪው ሌላው ሴናተር ራንድ ፖል አንቀጹ ይውጣ ብለው ነበር፤ ሴኔቱ 76 ለ24 ውድቅ አደረገባቸው። በሩን የከፈቱት ማኮኔልም በሩን ለመዝጋት ከደገፉት ውስጥ ነበሩ።

ምን ይላል አዲሱ ሕግ? ከእንግዲህ የሚቆጠረው ዴልታ 9 ብቻ አይደለም፤ ቲኤችሲኤም ጭምር ተደምሮ አጠቃላዩ ነው። ተክሉ በራሱ የማይሠራው ወይም ከተክሉ ውጭ በላቦራቶሪ የተሠራ ንጥረ ነገር ሄምፕ አይባልም፤ ዴልታ 8 በዚህ ወጣ። ሦስተኛው፣ ለገበያ የቀረበ ምርት በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ ልብ በሉ፣ በአንድ ፍሬ አላልኩም፣ በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ ሊኖረው አይችልም። ያ ልጅ የገዛው ብልቃጥ 30 ፍሬ ነበረው፤ አንዱ ፍሬ 10 ሚሊግራም። ጠቅላላው 300 ነው። ከተፈቀደው 750 እጥፍ ማለት ነው። ለገመድና ለጨርቅ፣ ለዘሩ የሚተከለው ሄምፕ አልተነካም። ሕጉ የሚጸናው ከተፈረመ ከዓመት በኋላ ነው፤ ኖቬምበር 12 ቀን 2026። የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር እንዲያወጣ ታዟል።

እኔ በግሌ ይህን ሕግ እንዳለ አላደንቀውም። 0.4 ሚሊግራም በጣም ትንሽ ነው። የማያሰክረውን የሲቢዲ ዘይት ለጉልበታቸው የሚቀቡ፣ ጠብታውን ለእንቅልፍ የሚወስዱ እናቶች አሉን፤ ከእነሱም ዘይት ውስጥ ብዙው ከዚህ መጠን ስለሚያልፍ አብሮ ሊወድቅ ነው። ሚኔሶታን እዩ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ በፍሬ 5፣ በማሸጊያ 50 ሚሊግራም ብላ፣ ከ21 ዓመት በታች እንዳይሸጥ ከልክላ፣ በሥርዓት ታስተዳድረው ነበር። እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ለሰባት ዓመት በፌደራል ደረጃ ማውጣት ሲቻል ዝም ተብሎ፣ አሁን በአንድ ሌሊት በበጀት ሕግ ጀርባ ታዝሎ ገባ። በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰው ገንዘቡን አፈሰሰ፤ የእኛም ሰው።

የሕፃናቱ ነገር ግን አፍ ያስይዛል። ከጃንዋሪ 2021 እስከ ፌብሩዋሪ 2022 ባሉት 14 ወራት ብቻ የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት በዴልታ 8 የተነሳ 2,362 ጥሪ ተቀብለዋል። ከእነዚህ ውስጥ 41 በመቶው ከ18 ዓመት በታች ያሉ ናቸው። ከረሜላ ነዋ! ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የአራት ዓመት ልጅ ምን ብሎ ሊያልፈው ይችላል? እናት ልጇ ለምን እንደማይነቃላት ሳታውቅ ድንገተኛ ክፍል ትሮጣለች። ሐኪም ሲጠይቃችሁ አትደብቁ፤ ይኼን ብቻ እለምናችኋለሁ።

ስቴቶቹ ደግሞ ፌደራሉን አልጠበቁም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ዲሲን አቋርጦ አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ሰው፣ ያ የየቀኑ መንገዳችን፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሕግ ያልፋል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ መጠን ከ0.5፣ በማሸጊያ ከ2.5 ሚሊግራም በላይ ያለውን የካናቢስ ፈቃድ የሌለው እንዳይሸጥ አለች። ቨርጂኒያ በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ በማሸጊያ 2 ሚሊግራም ላይ አቆመችው፤ ሲቢዲው ከቲኤችሲው 25 እጥፍ የሆነ ምርት ብቻ ሲቀር። ቅጣቱ በቀን እስከ 10 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ጆርጂያ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዕድሜውን 21 አደረገች። ካሊፎርኒያ በ2024 ሴፕቴምበር ላይ ቲኤችሲ የተገኘበትን የሄምፕ ምግብና መጠጥ ጨርሳ ከለከለች። ቴክሳስ ውስጥ ምክር ቤቱ ጨርሶ ይከልከል ብሎ ያወጣውን ሕግ ገዥው ግሬግ አቦት ጁን 22 ቀን 2025 አልፈርምም አሉ፤ ሁለት ጊዜ ልዩ ስብሰባ ተጠርቶ ሳይስማሙ ቀሩ፤ በመጨረሻ ገዥው በሴፕቴምበር ከ21 ዓመት በታች እንዳይሸጥ በራሳቸው ትዕዛዝ አወጡ። የዳላስ ባለሱቅ በዚያ ክረምት ስንት ጊዜ ዕቃውን አውርዶ ስንት ጊዜ እንደሰቀለ እሱ ይንገራችሁ።

ወደ ሾፌሮቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እዚያ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ትራክ የማይነዳ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ታክሲው ሲቀዘቅዝ፣ ፓርኪንጉ ሲዘጋ፣ ቤት የገዛው፣ አገር ቤት ያሉትን ያስተማረው በሲዲኤል ነው።

የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2020 ግልጽ ማስታወቂያ አውጥቷል። ሲቢዲ ነው የወሰድኩት ማለት ለቲኤችሲ ውጤት ምክንያት ሆኖ አይቀርብም። መመርመሪያው ሄምፕና ማሪዋናን አይለይም፤ ሽንት ውስጥ የሚፈልገው ሰውነት ቲኤችሲን ሲፈጭ የሚቀረውን ነው፤ ያ ደግሞ አዘውትሮ ለሚወስድ ሰው ለሳምንታት ይቆያል። ከረሜላው ሕጋዊ መሆኑና ሽንቱ ንጹሕ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ይህ እስካሁንም ሕጉ ሳይቀየር እንዲሁ ነበር።

ውጤቱ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የፌደራል መዝገብ ይገባል። መዝገቡ የተከፈተው በጃንዋሪ 2020 ነው። ድሮ አንዱ ኩባንያ ቢያባርርህ ሌላው ጋ ትገባ ነበር፤ አሁን ሁሉም ያያል። ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ መዝገቡ ላይ የታገደ ሾፌር ስቴቱ ራሱ ሲዲኤሉን እንዲያወርድበት ግዴታ አለበት። ተራ መንጃ ፈቃድ ይዘህ ትቀራለህ። ለመመለስ በሕጉ የተመደበ የሱስ ባለሙያ ጋ ትቀርባለህ፤ እሱ ያዘዘውን ትምህርት ወይም ሕክምና ትጨርሳለህ፤ ወደ ሥራ መመለሻ ምርመራ ታልፋለህ፤ ከተመለስክም በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሳይነገርህ ትመረመራለህ። መዝገቡ ላይ ያለው ነገር ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆያል። ለአንድ የእንቅልፍ ከረሜላ!

«ከሻጩ ጋር ልከራከር አልችልም ወይ?» ያላችሁ አላችሁ። በዚህ ዓመት ኤፕሪል 2 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። አንድ የትራክ ሾፌር በ2012 ለደረሰበት ጉዳት ማስታገሻ እንዲሆነው፣ ቲኤችሲ የለበትም ተብሎ የተሸጠ የሲቢዲ ምርት ገዛ። ተመረመረ፤ ተገኘበት፤ ተባረረ። ድርጅቶቹን ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሥራውን ማጣቱ የንግድ ጉዳት ስለሆነ ክሱን መቀጠል ይችላል አለ። ልብ በሉ፣ አሸነፈ አላለም፤ መክሰስ ትችላለህ ነው ያለው። 13 ዓመት አልፎታል። የእኛ ልጅ ብልቃጥ ላይ ደግሞ «ቲኤችሲ የለበትም» የሚል የለም፤ «10 ሚሊግራም» ይላል፤ ከሥርም በትንንሽ ፊደል የዕፅ ምርመራ ላይ ሊታይ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ማን አነበበው? እኔም ብሆን አላነብም ነበር።

የኢሚግሬሽኑን ጉዳይ ደግሞ በጥንቃቄ ስሙኝ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የዩኤስሲአይኤስ መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማሪዋና በስቴቱ ቢፈቀድም እንኳ የፌደራል ሕግ የጣሰ የማሪዋና ድርጊት፣ እዚያ ሱቅ ተቀጥሮ መሥራት ጭምር፣ ለዜግነት የሚያስፈልገውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ ይችላል ብሏል። ፍርድ ቤት ባይፈረድብህም፣ በራስህ አፍ ለመኮንኑ የተናገርከው ሊበቃ ይችላል። እስካሁን ሄምፕ ከዚህ ውጭ ነበር። ከኖቬምበር 2026 በኋላ ግን ከ0.4 ሚሊግራም ያለፈው ያው ከረሜላ በፌደራል ዓይን ማሪዋና ነው። ለሚገዛውም ለሚሸጠውም። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ አምርተሃል፣ አከፋፍለሃል፣ ሸጠሃል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ግሪን ካርድ ይዞ ሱቅ ያለው ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ዛሬ ሄደህ አንብበው። ለመግባት ፈቃድ ሲታይ ደግሞ መኮንኑ በዕፅ ንግድ እንደተሰማራህ ለማመን በቂ ምክንያት ካለው የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠብቅም። አገር ቤት ለሠርግ ሄዶ ሲመለስ የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው ይሄ።

ባለፈው ዲሴምበር 18 ፕሬዚዳንቱ ማሪዋና ወደ ሦስተኛው ምድብ ዝቅ እንዲል የሚያፋጥን ትዕዛዝ ሲፈርሙ ስልኬ አልዘጋ ብሎ ነበር። «ተፈቀደ አይደል?» ይሉኛል። አልተፈቀደም። ትዕዛዙ ሂደቱን አፋጥኑ ነው የሚለው፤ ሦስተኛ ምድብም ቢገባ በቁጥጥር ሥር ያለ ዕፅ መሆኑ አይቀርም። ስለ ሲቢዲም ከምክር ቤቱ ጋር ተነጋገሩ ብለዋል፤ እሱ ምናልባት ለእነዚያ ለጉልበታቸው ለሚቀቡት እናቶች ተስፋ ይሆን ይሆናል። የኖቬምበሩ ቀን ግን በዚያ ትዕዛዝ አልተነሳም።

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የምትገቡ፣ ቦርሳችሁን ፈትሹ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ስለ አደንዛዥ ዕፆች ሲናገር የአሜሪካን 0.3 በመቶ አያውቅም። በዱባይ ወይም በጅዳ የምታልፉማ ጭራሽ እንዳትሞክሩት።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ። ያ ልጅ ያንን ብልቃጥ የሸጠለትን ባለሱቅ አውቀዋለሁ። ሄጄ አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለማኅበሩም ለቤተ ክርስቲያኑም የሚሰጥ ሰው ነው። ሲሰማ ደነገጠ። ከመሳቢያው አከፋፋዩ የሰጠውን የላቦራቶሪ ወረቀት አወጣ። «እዩት፤ ሕጋዊ ነው ይላል» አለኝ። እውነት ነው፤ ወረቀቱ ዴልታ 9 ከ0.3 በመቶ በታች ነው ይላል። «ታዲያ አንድ ሾፌር መጥቶ ለእንቅልፍ ሲጠይቅህ ምን ትሠራለህ ብለህ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በካርቶን ላይ በአማርኛ ጽፎ መደርደሪያው ላይ ለጠፈ፦ «ሲዲኤል ያላችሁ፣ የዜግነት ፎርም ያስገባችሁ፣ ይህን አትግዙ።» ሰው እየሳቀ ፎቶ ያነሳዋል ይላል። አንዳንዱ ግን አንብቦ ያስቀምጠዋል።

የእሱ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው። ዕቃው ከጠቅላላ ሽያጩ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ከቤንዚኑ የሚገኘው ትርፍ ሳንቲም መሆኑን በዚህ ሥራ ያለ ያውቃል። አከፋፋዩ ሰሞኑን ደውሎ በግማሽ ዋጋ ልስጥህ፣ ብዙ ከወሰድክ ደግሞ የበለጠ እቀንሳለሁ ብሎታል። ለምን ረከሰ? ምክንያቱም አከፋፋዩ ቀኑን ያውቀዋል። መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ኖቬምበር ላይ ዕቃው በማን እጅ እንዲገኝ ይፈልጋል? በባለሱቁ እጅ ነዋ። ያን ቀን ቀርቶበት የተገኘ ዕቃ መልሶ የሚገዛው የለም፤ የተከለከለ ዕፅ የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ በታክስ ሕጉ 280ኢ በሚባለው አንቀጽ የኪራዩንና የሠራተኛውን ወጪ እንኳ መቀነስ አይፈቀድለትም። እኔ የነገርኩት ይኼንኑ ነው፦ ያለህን ሽጥ፤ በጽሑፍ መልሼ እወስዳለሁ ካላለህ አዲስ አትዘዝ፤ ስቴትህ የሚለውን ከአከፋፋይህ ሳይሆን ከጠበቃ ጠይቅ። እስካሁን አልወሰነም። ልጁ በበኩሉ ከባለሙያው ጋር ጨርሶ የመመለሻ ምርመራውን አልፏል፤ ሊቀጥረው የሚደፍር ኩባንያ ግን ገና አላገኘም። አሁን መጋዘን ውስጥ ሌሊት ዕቃ ያነሳል። እንቅልፉ አልተስተካከለም።